አጎቴ ሰማይ ላይ ያገኘው ዳገት

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? የእግርሽ እብጠት ተወሽ ወይ? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳስ ይራገጣል ወይስ በአባቱ ወጥቶ ተኝቶ ይውላል? እኛ ከአባዬ ሳልና ከአጎታችን ወሬ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ እማዬ ናት። «ገና ስትጠሪኝ ነው የተነሳሁት» ብትልሽ አትመኛት። እውነቱ እነሆ።

ለመውለጃሽ እንድትደርስልሽ የላክሽላት የአውሮፕላን ትኬት የመጣ ዕለት፣ አጎታችን መነጽሩን ጠርጎ አነበበው። መሄጃው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተነስቶ በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ይደርሳል። መመለሻው ግን ከቀኑ ሰባት ተነስቶ በማግስቱ ጧት ሦስት ሰዓት ነው የሚገባው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ሌላ ምን ያስባል? «ግልጽ ነው እኮ! መሄጃው ቁልቁለት ነው፣ አራት ሰዓት። መመለሻው ሃያ ሰዓት ሙሉ ዳገት! እንዲህ ያለው ላይ ሞተር ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። እማዬ ክው አለች። «እንግዲያው ይቅርብኝ፤ የሕፃኑን ፎቶ ትላክልኝ» ብላ ሻንጣውን አልጋ ሥር መልሳ ከተተችው።

እኔ ሰማይ ላይ ዳገት የለም ብል «አንቺ ምላሳም፣ ስንት ዳገት ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» ተባልኩ። ከትምህርት ቤት ካርታ ተውሼ መጣሁ። አሥር ሺህ አምስት መቶ ኪሎሜትር ነው፤ ሲሄድም ሲመለስም አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የናንተ ሰዓት ከኛ በስምንት ስለሚዘገይ ነው እንዲህ የሚመስለው ብዬ አስረዳሁ። አጎታችን «ጎማ የሚቀየርበትን አልቆጠርሽም» አለኝ። ያመነኝ ሰዓት ሠሪው አባታችን ብቻ ነው። ከሱቁ አንድ የግድግዳ ሰዓት አምጥቶ፣ በናንተ ሰዓት አስተካክሎ ከኛው ጎን ሰቀለው። የሰፈሩን ሰዓት ሁሉ ሲያቃና የኖረ ሰው፣ ልጁ ዘንድ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለመጠየቅ አንቺ ከሄድሽ ሦስት ዓመት ፈጀበት!

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ እንደ ልማድሽ ደወልሽ። በኛ ሰባት ሰዓት ነበር። እማዬ ስልኩን ልታነሳ ስትል ዓይኗ አዲሱ ሰዓት ላይ አረፈ። «ይሄ ስንት ነው የሚለው?» አለች። አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሥራ አንድ፤ የሌሊቱ» አላት። ሁላችንም እጃችን ሰሃን ላይ ቀረ። ለካ ሁላችንም አንድ ላይ የምንገኝበትን ሰዓት ብለሽ፣ በዕረፍት ቀንሽ እንቅልፍሽን እያቋረጥሽ ነው የምትደውይልን! ድምፅሽ ሲጎረንን «ብርድ ነው» ትይን ነበር። እኔማ አንዴ «ቆይ ምሳዬን ልጨርስ» ብዬ አስጠብቄሻለሁ። እኔ በቀላሉ የማፍር ሰው አይደለሁም፣ ታውቂኛለሽ፤ አፈርኩ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለሜ።

እማዬ አነጋግራሽ ስልኩን እንደዘጋች ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተተችው። «እሷ ሦስት ዓመት እንቅልፏን ከተወችልኝ እኔ ግማሽ ቀን መቀመጥ ያቅተኛል? ዳገትም ይሁን!» አለች። አጎታችንም «ሽቅቡ ላይ መስኮት እንዳትከፍቺ» ብሎ መከራት።

አባዬ ግንባርሽን ስሚልኝ ብሎሻል። አጎታችን ለባለቤትሽ ሰላምታ አቅርቦ፣ ፍሬኑን እንዲያስመረምር ያሳስባል። ሆድሽ ውስጥ ላለው እንግዳ ደግሞ የእናቱን እንቅልፍ እንዳይነካ ንገሪልኝ። ከእንግዲህ እሑድ የምንደውለው እኛ ነን፦ በአንቺ ረፋድ አራት ሰዓት፣ በኛ አመሻሽ አሥራ ሁለት። እስከዚያ ተኚ።

ታናሽሽ ምላሳሟ

ከሁለቱ ሰዓቶች ሥር፣
የካቲት 14 ቀን፣ በኛ ከቀኑ ዘጠኝ፣ በአንቺ ከጧቱ አንድ ሰዓት