የሦስተኛው ኩሬ ዓሦች

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እግርዎ እንዴት ሆነልዎ? ምርኩዙን ትተው ደረጃ መውጣት ጀመሩ ሲሉኝ እፎይ አልኩ። እኛስ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። በስልክ ያልነገርኩዎ፣ በቤቱ የሚያስታምምዎ ወንድሜ ከአጠገብዎ ስለማይጠፋ ነው። ይህን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ከወር በፊት የሦስተኛው ኩሬ ቆሮሶ ዓሦች ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ማለክለክ ጀመሩ። ክንፋቸው ሥር ቀይ ቁስል ወጣባቸው። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ከፊሎቹን ወደ ሌላ ኩሬ አውጥቼ አሳሳኋቸው፣ ውሃውን ቀየርኩ፣ ፉርሽካውን ቀነስኩ። ባለቤቴም፣ ንጹሕ ውሃ ራሱ ሐኪም ነው ይሉ የለም አባትሽ፣ ታገሺ እንጂ አለኝ። ታገስኩ። በስምንተኛው ቀን የሞቱትን በመረብ ስለቅም አርባ ላይ መቁጠር ተውኩ።

ያን ዕለት ሁሉም ለምሳ ሲሄዱ ዱቄቱን ኩሬው ላይ በተንኩት። መድኃኒቱን ማለቴ ነው አባባ። ከመቸኮሌ የተነሳ ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ዓሦቹ በአምስት ቀን ዳኑ። ባለቤቴ ላገኘው ሰው ሁሉ፣ ጠብታ መድኃኒት ሳትነካ አዳነቻቸው እያለ ያወራል። ሰው ሲያመሰግነኝ መረቤን አንስቼ ወደ ኩሬው እሄዳለሁ።

ማክሰኞ ገበያ ውዬ ስመለስ፣ ባለቤቴ ለካ ከዚያው ኩሬ ሁለት ቅርጫት አውጥቶ ለሕፃናቱ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ልኮ ኖሯል። መድኃኒቱ ገና ከሥጋቸው አልወጣም ነበርና፣ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ስደርስ አብሳይዋ ቅርፊቱን እየፋቀች ነው። ተበላሽቷል፣ መልሽልኝ ብላት፣ ገና እየተንፈራገጠ? የተበላሸሽስ አንቺ ነሽ ብላ ሳቀችብኝ። ነጥቄያት ወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኳቸው። ለባለቤቴ ምን እንዳልኩት አይጠይቁኝ።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች። ከየኩሬው ዓሣ ወስዳ ታስመረምራለች። ዓሣችን ያለ መድኃኒትና ያለ ኬሚካል ማደጉን የሚመሰክረው፣ ሃያ ዓመት የለፉበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ነው። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ የመጣች ይመስለኛል።

መድኃኒቱን ከየት አመጣሽው ይሉኝ ይሆናል አባባ። አልገዛሁትም። መኖ ቤት ውስጥ፣ ከአሮጌ ካፖርትዎ ሥር ካለችው የቆርቆሮ ሳጥን ነው ያገኘሁት። ቁልፏ ምላጭዎን በሚያኖሩባት የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር። የመድኃኒቱ ጣሳ ገና ስከፍተው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፤ መስፈሪያ ማንኪያውም እዚያው ውስጡ ነበር። ምንም አልጠይቅዎትም።

ለተቆጣጣሪዋ ሳትጠይቀኝ ልነግራት ቆርጫለሁ። የልጆቹ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ወረቀቱን ብትወስደው ትውሰደው። ከየት አመጣሽው ካለችኝ ግን ገበያ ገዛሁት እላለሁ። ጣሳውንና ማንኪያውን አጥቤ ጥያቸዋለሁ። የምነግራት የኔን ብቻ ነው።

ይህ ሲደርስዎ ሐሙስ አልፎ ይሆናል። ቢቆጡኝም ይመርቁኝ። እግርዎን ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ፈርታም የምትወድዎ፣
ልጅዎ