ስለ ገብስማዋ ዶሮሽ

ውድ ይታይሽ፣

አሁን እማሆይ ወለተ ሐና ተብለሻል። «እርስዎ» ብዬ ልጽፍልሽ ሞክሬ እጄ እምቢ ስላለኝ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልሁት። ዕድሜውን ሙሉ «አንቺ» ሲል የኖረ ሰው በአንድ ክረምት አይታረምምና እግዜርም አንቺም ይቅር በሉኝ። ለጤናዬ ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነችው ገብስማዋ ዶሮሽ ናት፤ ይህን ሁሉ የምቀባጥረውም በእሷ ምክንያት ነው።

ነገሩ የጀመረው ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ነው። ከምትጥልበት ቅርጫት ገብታ ላባዋን ነፍታ ቁጭ አለች። ጥሬ ብበትንላት አትወጣም። ልትታቀፍ አምሯት ነው አልሁ። በዚህ ክረምት፣ ሜዳው ሁሉ ውኃ ተኝቶበት፣ የእኛም ግቢ ረግረግ ሆኖ፣ ጫጩት ቢፈለፈል ለማን ይተርፋል? ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። መታቀፉን እንድትረሳው ሰው ቤት ትሰንብት ብዬ ለጎረቤታችን ለመዲና ሰጠኋት። መዲናም ከሱቋ ጓሮ አሰረቻት።

በማግስቱ መዲና ራሷ ታቅፋ ይዛልኝ መጣች። «አያ አድማሴ፣ ይቺ ዶሮ መታቀፍ አላማራትም፤ ምጥ ይዟታል» አለችኝ። የዶሮ ምጥ ሰምቼ አላውቅምና ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እጄን ይዛ ከጭራዋ ሥር አስነካችኝ። እንቁላሉ ከውስጥ ተወትፎ ቆሟል። እኔ ከቤት ቤት ሳንከራትታት እሷ ለካ ስታምጥ ነበር የከረመችው።

የከብት ሐኪሙን ደሳለውን ለምኜ አመጣሁት። በበሬና በላም የለመደ እጅ ነው፤ ቢሆንም ሳይንቃት አገላብጦ አያት። እንቁላሉ ተቀርቅሮባታል፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እስከ ሆዷ ንከራት፣ ዘይት ቅባላት፣ በእጅህ ግን እንዳትጫናት፣ ውስጧ ከተሰበረ አለቀላት አለኝ። ምን ትበላለች ሲለኝ ከወፍጮ ቤት የማመጣውን የሩዝ ስባሪ አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ። ሩዝ ብቻውን ቅርፊት አይሠራም አለ። አንቺ ምን ትሰጫት እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያሰብሁት። ከማድ ቤት በወጣሽ ቁጥር አንዳች ነገር ትበትኚላት ነበር፤ እሷም እግር እግርሽን እየተከተለች ትለቅም ነበር። ምን እንደሆነ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።

ከዚያ እኔ አድማሴ፣ ልጅ አጥቤ የማላውቅ ሰውዬ፣ ዶሮ ሳጥብ ዋልሁ። ብታዪኝ መቼም በሳቅ ትሞቺ ነበር። ሳፋው ውስጥ አስቀምጬ፣ በሁለት እጄ ደግፌ፣ «አይዞሽ» እላታለሁ። ዓይኗን ጨፍና ዝም ትላለች። ከሰዓት በኋላ ወጣላት፤ ቅርፊት የሌለው፣ በስስ ሽፋን ብቻ የተያዘ ልፍስፍስ እንቁላል። እዚያው ተነሥታ ውኃዋን አራገፈችና አለበሰችኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አጥር ላይ ቆሜ መዲናን ተጣራሁ።

ደስታው አልከረመም። ጥቂት ሰንብታ ያው ሕመም ያዛት፤ አሁን የባሰ። ውኃውም ዘይቱም አልረዳት አለ። የእንቁላል ቅርፊት ለቅሜ፣ ደቁሼ፣ በመዳፌ አቀረብሁላት፤ አየችውና ፊቷን አዞረች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ቄስ የኋላሸት ለሱባኤ ወደ ጣራ ገዳም ሲወጡ፣ ለዶሮዋ ምን ትሰጫት እንደነበር ይጠይቁልኝ ብዬ ለመንኋቸው። ፈገግ አሉ፤ ግን አላሳፈሩኝም፤ ጠየቁሽ። የመለስሽውንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩኝ። «ዓለሙን ትቼ ወጥቻለሁ፤ የእኔ የምለው ዶሮ የለኝም፤ ስለ እኔ ብሎ አይጨነቅ።»

ተናደድሁ፣ ይታይሽ። ይቺ ምስኪን ምን አደረገችና ነው ከዓለም የምትቆጠረው? አንድ ቃል ብትነግሪኝ፣ ይህን ስጣት ብትይኝ፣ ምንኩስናሽ ይጎድል ነበር? እውነቱን ልንገርሽ፤ የከፋኝ ለዶሮዋ ብቻ አይደለም። «የእኔ የምለው የለኝም» ስትይ እኔም አብሬ የተቆጠርሁ መሰለኝ። ደግሞም ተቆጥሬያለሁ።

ዛሬ ጠዋት መዲና መጥታ አየቻት። ዶሮዋ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ጭራዋን ጥላ፣ ዝም ብላ ትቃትታለች። እኔ እንዳልባርካት ፍልሰታ ነው፤ ባይሆንም እንኳ እኔ የባረክኋትን እነመዲና አይበሉም። መዲና ባሏ ሙሰብ እንዲያርዳት ለመጠየቅ ኖሯል የመጣችው። ብዙ ዳር ዳር ስትል ቆየችና፣ «ከምትሰቃይ ሙሰብ ይረዳት። እርስዎ ከፈቀዱ ነው» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ለዶሮዋ ጆንያ አነጠፍሁላት። መዲናም አላስጨነቀችኝም፤ ነገ ማለዳ እንመጣለን ብላ ሄደች።

ልትመነኩሺ የነፍስ አባታችን ፊት የቀረብን ዕለት፣ ባል ካልፈቀደ አይሆንም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ፈቅጃለሁ» አልሁ። አንቺ አለቀስሽ፣ እሳቸው መረቁኝ፣ ሰዉም እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል አለ። ልቤ ግን አልፈቀደም ነበር። እግዜር ጠራኝ ያለችን ሴት ማን አትሂጂ ይላል? ብልስ፣ በግድ ያስቀረኋትን ሚስት ፊት በየቀኑ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? መውጫ አልነበረኝም። ካንቺ በኋላ ገብስማዋ ጓሮ ስትጭር በሰማሁ ቁጥር፣ አንቺ ማድ ቤት ያለሽ እየመሰለኝ ልጠራሽ አፌን እከፍት ነበር። እሷን ያስታመምሁት ለዚህ ነው። የጽድቅ ሥራ አድርገሽ እንዳታዪልኝ።

አሁን ከእግሬ ሥር ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ታምጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ታምጣለች። እኔ ከማየት በቀር የማደርግላት የለኝም። ይህን ደብዳቤ ቄስ የኋላሸት ለኪዳነ ምሕረት ሲወጡ ያደርሱልሻል። ምን ትሰጫት እንደነበር ከእንግዲህ አትንገሪኝ። ተመለሺም አልልሽም። ለዶሮ ጸሎት አይደረግ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አድርጊልኝ።

ነገ ማለዳ ሙሰብ ቢላዋውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ሲጠይቀኝ «ፈቅጃለሁ» እለዋለሁ። አፌ ለምዶታል።

ባልሽ የነበርሁት፣
አድማሴ
ወረታ