እማዬ በረቡዕ እርጎ ስትጠጣ

ሰኞ
ላክሁት! የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፌ፣ ያ ፀጉሩ አልበቃው ብሎ ሹራብ የሚደርበው ጥቁሩ በግ ሙቀቱ፣ ዛሬ በኢሜይል አዲስ አበባ ገባ። አርታኢዋ «ልጆቹ ቀናትን እንዲለምዱ በየገጹ ቀን ጻፍበት» ስላለችኝ፣ መጨረሻ ላይ ከሰኞ እስከ እሑድ ሞነጫጨርኩበትና ላክሁ። ደክሞኛል። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ
ጉድ ሆንኩ። ገጾቹን ለእማዬ አሳየኋት። የበጉን አሳዳጊ፣ ባልቴቷን፣ ስስላት የቀዳኋት ከእሷ ነው፤ ሻሿ፣ መነጽሯ፣ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት እንኳ አልቀረም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።
«ይቺ እኔ ነኝ?»
«አዎ፣ እማዬ።»
«ታዲያ በረቡዕ እርጎ የምታስጠጣኝ ምን አድርጌህ ነው?»
የጾም ቀን! የእሷ ልጅ ሆኜ እንዴት ጠፋኝ? ቀኑን እንዳልቀይር የሐሙሱ ታሪክ ከረቡዑ ነው የሚቀጥለው። «የማኅበር ጓደኞቼ ጾም ገደፈች ይበሉኝ?» ብላ ጓዳ ገባች። አርታኢዋ ደግሞ ማስተካከያው ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰ መጽሐፉ እንዳለ ማተሚያ ቤት ይገባል ትላለች።

ረቡዕ
ከጠዋት ጀምሮ እርጎውን ስቀይር፦ ሻይ፣ አጥሚት፣ የተልባ ውሃ። አንዱም አያስቅም። እማዬ ለካ ከኋላዬ ቆማለች።
«ምን ያስጨንቅሃል፤ በጉ ይጠጣው። እሱ ምን ጾም አለበት?»
የእኔ እናት! ባልቴቷ ለሐሙስ ያስቀመጠችውን እርጎ ሙቀቱ ይገለብጠዋል። ስትመጣበት «ኧረ እኔ አልነካሁም!» ይላል፣ በዚያ ጥቁር አፉ ዙሪያ ነጭ ጢም አብቅሎ። ከእኔው ይሻላል፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናሁ። እማዬ አይታው አልሳቀችም። «ጢሙን ወፈር አድርገው» አለችኝ ብቻ። አወፈርኩት። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላክሁ።

ሐሙስ
ደርሷል! አርታኢዋ ራሷ ደውላ ቢሮው ሁሉ መሳቁን ነገረችኝ። እማዬ ይህን ስትሰማ ገጹን በወረቀት አሳትምልኝ አለች። ማኅበር ልትሄድ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ከበር ተመለሰች።
«ይቺን ቀልድ ያመጣኋት እኔ ነኝ ብላቸው ቅር ይልሃል?»
ምን ቅር ይለኛል! ግን እነዚያ ሴቶች ምላሳቸው አይቻልም።
አስር ሰዓት ላይ ደወለች። የበጉ ስም ጠፍቷት ነው። ከጀርባዋ ጫጫታ ነው፣ ሳቅ ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም።
«ሙቀቱ» አልኳት።
«ዝም በሉ እስቲ፣ ልጨርስላችሁ!» ብላቸው ዘጋችብኝ።