ለሶሊ ማር፣ ለእኔ ክኒን

ማክሰኞ፣ ሴፕቴ. 9፣ ጠዋት

ዛሬም ማር። አክስቴ በባዶ ሆዳችን አንዳንድ ማንኪያ አጎረሰችን፣ እኔንም የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን ሶሊንም። ማሩን ከገበሬ በባልዲ ታመጣና በጠርሙስ እየቀዳች ለቸርች ሰው ትሸጣለች። የሚኒሶታ ንብ የሚኒሶታን አለርጂ ይነቅላል ባይ ናት። አይነቅልም፣ ደብተሬ። የሚያስነጥሰን የመንገድ ዳር አረም ነው፤ ብናኙን የሚያመጣው ነፋስ እንጂ ንብ አይደለም። በባዮሎጂ ተመርቄም ይህን አልነግራትም። አልጋው የእሷ ነዋ። ሥራ እስካገኝ ማሩን አመሰግናለሁ፣ የአለርጂ ክኒኔን ደብቄ መኪናዬ ውስጥ እውጣለሁ።

ሐሙስ 11፣ ማታ

የሶሊ የት/ቤት ፎቶ ቀን ነበር። ዓይኗ አብጦ ሊጨፈን ደርሷል። አክስቴ የልጅቷን መድኃኒት ከጣለች ሰነበተች፤ ማስረጃዋ እኔ ነኝ። "እህትሽን እያት፣ አንዴ እንኳ አስነጠሰች? አንቺ ቺፕስሽን አልተው ብለሽ ነው። በይ ሂጂና ፎቶሽን ተነሺ፣ እንቁራሪት" አለቻት።

ሳቅሁ። ከልቤ ነው የሳቅሁት።

ዓርብ

ሴንት ፖል ያለው ላብራቶሪ ለሁለተኛ ኢንተርቪው ጠራኝ!!! ሰኞ። ኪችን ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ። የራሴ አፓርታማ፣ የራሴ ቁልፍ፣ ማር የሌለበት ቁርስ።

ሶሊን ከት/ቤት ሳመጣት ክኒኑን መኪናዬ ውስጥ አገኘችው። አልጮኸችም። ለእናቷ እንድነግርላት ለመነችኝ፣ እንደ ወትሮዋ በእንግሊዝኛ። እናቷ የምታምነው እኔን ነው አለች። ሥራው ይያዝልኝና አልኳት። ኦኬ ብላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሶሊ ራሷ ለእናቷ ነገረቻት። አክስቴ ጠየቀችኝ። ውሸቷን ነው አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ለሰኞ ጥሩ ልምምድ። መኪናዬ ተፈተሸ። ክኒኑ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነበር። ሶሊ ስልኳን ተቀማች፣ ይቅርታ ጠይቂያት ተባለች። "ሶሪ" አለችኝ፣ ግድግዳውን እያየች።

አክስቴ እኔን አቀፈችኝ። ነገ ቸርች ወጥቼ ማሩ እንዳዳነኝ እንድመሰክር ወስናለች። የተማረ ሰው ሲናገር ማን ይጠራጠራል አለች፤ ልጅ የሚያስነጥስባት እናት ሁሉ ትሰማሻለች። ታዲያ ስንቷ መድኃኒት ትጥል ይሆን? አሁን አላስብም። ሰኞ እስኪያልፍ አላስብም።

እሑድ፣ ቸርች ፓርኪንግ

ከቤታችን ከብሩክሊን ሴንተር እስከዚህ ሶሊ መኪናዬ ውስጥ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች መጣች። አክስቴ ቀድማ ደርሳ ጠርሙሶቹን ይዛ ገብታለች። ማይክ ላይ እንዳላስነጥስ ክኒኔን አወጣሁ። ውሃ የለም። ሶሊ ከኋላ ወንበር የራሷን ኮዳ አቀበለችኝ።

"ቶሎ ዋጪው፣ ስምሽን ሊጠሩ ነው" አለችኝ። በአማርኛ።

ዋጥኩት። ኮዳውን ብመልስላት አልቀበል አለች። ይዤው እገባለሁ።

ማሩ አዳነኝ ብዬ እመሰክራለሁ።