ለተማሪ ጥሩምባ ያስነፉት የአቶ ታረቀኝ ቸሩ የሕይወት ታሪክ

አቶ ታረቀኝ ቸሩ ከአባታቸው ከአቶ ቸሩ አበጋዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ እርገጤ ሐምሌ 5 ቀን 1950 ዓ.ም. ወሎ ደላንታ ተወለዱ። ደሴ ተምረው በ1970 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አመጡ። ሆኖም በዚያው ክረምት አባታቸው ስላረፉ፣ የቤቱ በኩር ነበሩና ሞፈር ጨበጡ። ያቺን የውጤት ወረቀት ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጧት። ስለ እሷ ሲጠየቁ «አልታደልኩም» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺሀረግ መኮንንን አግብተው አራት ልጆች ወልደዋል። በ1977ቱ ድርቅ በሰፈራ ወደ አሶሳ መጥተው መጀመሪያ በእርሻ፣ በኋላም እስከ ጡረታቸው በመምህርነት አገልግለዋል።

በ1996 ዓ.ም. የዕድር ዳኛ ሆነው ሲመረጡ፣ «ዕድራችን የሚሸኘው ሬሳ ብቻ ነው እንዴ? አገር የሚቆመው በተማረ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገባውንም እንሸኝ» ብለው አስወሰኑ። የጎረቤታቸው የአቶ ዲማ ልጅ ጋዲሴ ሕክምና ልትማር ስትነሳ ጥሩምባ ተነፋ። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማን ሞተ?» እያሉ ወጡ፤ ልቅሶ የጀመሩም ነበሩ። ነገሩ ሲነገራቸው በአቶ ታረቀኝ ላይ ወረዱባቸው። እሳቸው ግን ለሽኝቱ በተተከለው የዕድሩ ድንኳን ሥር ቆመው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ መንደሩም እስከ መናኸሪያ ይሸኛል።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ በኋላ፣ የሚመረቅ ዘመድ ባይኖራቸውም እንኳ፣ በየዓመቱ በምረቃው ቀን ሱፋቸውን ለብሰው ይሄዱ ነበር። ጋውን የለበሱትን ቆመው አይተው ይመለሳሉ። ይህን የምጽፈው እኔ፣ የመጨረሻ ልጃቸው ስርጉት፣ በመጪው ሐምሌ ስመረቅ የእኔን ጋውን ለብሰው ፎቶ ሊነሱ ተስማምተን ነበር። አባባ፣ ያቺን ቀን ያለ እርስዎ እንዴት እንደማልፋት አላውቅም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ የተከታተለቻቸው ያቺው በጥሩምባ የሸኟት ዶክተር ጋዲሴ ነበረች። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ዐረፉ።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩምባው ሲነፋ የሰፈሩ ሕፃናት «ዛሬ ማን ዩኒቨርሲቲ ገባ?» እያሉ ሮጠው ወጡ።

እሳቸው ያልገቡበትን በር ለስንቱ ልጅ ላስከፈቱት አባታችን፣ እግዚአብሔር የገነትን በር ወለል አድርጎ ይክፈትላቸው። አሜን።