አልማዝ ተስፋዬ ዕዳ የለባትም

እማዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ነገሩን ጨርሼ ልንገርሽ ብዬ ነው። ጨረስኩት እማ። ስምሽ ነጻ ወጥቷል።

አሁንም እዚያው ቶር ፒኛታራ ሰፈራችን ነኝ። ኩሽናውን ነጭ ቀባሁት፤ ያ መስኮት አሁን ይዘጋል። አልጋሽን ለጎረቤታችን ለእትዬ ለተብርሃን ሰጠኋቸው፣ ወገባቸው እንደሚያስቸግራቸው ታውቂያለሽ። ስልክ ሲጠራ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ እንዳንቺው እደነግጥ ነበር።

ዕዳ ሰብሳቢዎቹ ደውለው፣ ሚላኖ ውስጥ ሞተር ሳይክል በዱቤ ገዝተሻል ሲሉሽ ትዝ ይለኛል። ሞተር! ትራሙ ሲታጠፍ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት፣ ሚላኖን በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቅ። የምታስታምሚያቸው አሮጊት ሲኞራ ቤት ድረስ ሲደውሉ፣ አፋቸውን ይዝጉልኝ ብለሽ ትንሽ ትንሽ መክፈል ጀመርሽ። ከዚያ በኋላማ፣ ዕዳዋ ባይሆን ለምን ከፈለች ሆነ ነገራቸው።

አንቺ ስትሄጂ ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ ለተብርሃን እንኳን፣ ውርሷን አልፈልግም ብለሽ ፈርሚና ተገላገዪ አሉኝ። ውርሱን የተወ ዕዳውንም አይከፍልም፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ብፈርም እኔ እድን ነበር፤ አንቺ ግን ብድር በልታ የሞተች ተብለሽ ተጽፈሽ ትቀሪያለሽ። እምቢ አልኩ።

ዕዳ ሰብሳቢው፣ እናትሽ በሰላም እንድታርፍ አትፈልጊም ወይ ብሎ ሊያሸማቅቀኝ ሞከረ።

«አሎራ፣ እንግዲያው የፈረመችበትን ውል አምጣ፤ ከዚያ እናወራለን» አልኩት።

ሲያንገራግር ከረመ። እኔም ለእነሱም፣ ብድር የማይከፍሉ ሰዎችን ስም ለሚመዘግበው ድርጅትም ራኮማንዳታ፣ የአደራ ደብዳቤ፣ መላክ አላቆምኩም። በመጨረሻ ውሉ መጣ። በላቲን ፊደል፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ተፈርሟል። ፔርሜሶሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ላይ ያለው ፊርማሽ ደግሞ የአማርኛ ነው።

እዚህ አገር የገባሽ ጊዜ የተወለድሽበትን ቀን ሲጠይቁሽ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት አልሻቸው፤ እነሱ ለብዙዎቻችን እንደሚያደርጉት ጃንዋሪ አንድ ብለው ጻፉ። ለካ ሞተሩን የገዛችው ሚላኖ ያለች ሌላ አልማዝ ናት፤ የእሷም አባት ተስፋዬ ነው፣ ለእሷም ያንኑ ዓመት ጃንዋሪ አንድ ሰጥተዋታል። የአባት ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ስለሚሆን፣ ሁለታችሁ ወረቀት ላይ አንድ ሰው ሆናችሁ። የሚለያችሁ በግብር ቁጥራችሁ ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ያቺን ፊደል ለማየት ማንም አልተጨነቀም። ሴትዮዋን አልተቀየምኳትም፤ የእሷን ችግር እሷ ታውቃለች። የተቀየምኩት ሳያዩ የሚከሱትን ነው።

ስህተት መሆኑን በጽሑፍ አመኑ። ከመዝገቡ ተሰረዝሽ፤ የከፈልሽውንም መለሱ። ወረቀቱን አንብቤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ቅልል ብሎኝ አያውቅም።

እሁድ ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ፣ ብድር በላች ተብሎ ሲወራ አፍረሽ የራቅሻቸው እቁብተኞችሽ የሚገናኙበት ምግብ ቤት ሄድኩ። ቆሜ ወረቀቱን በጣሊያንኛ አነበብኩ፣ በአማርኛ ተረጎምኩ። አንዳንዶቹ ዓይኔን ማየት አቃታቸው። ከዚያ የእቁቡ ሰብሳቢ እቁባችን ግቢ አሉኝ፣ በማን ስም እንመዝግብሽ ብለውም ጠየቁኝ።

«በእናቴ» አልኳቸው።

በየወሩ ዕጣው ሲወጣ ስምሽ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጮክ ተብሎ ይጠራል። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ እማዬ፣ ማንም ስምሽን በሹክሹክታ አያነሳውም።

ልጅሽ ሜሮን