የተሰረቀው ግምት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬም ቆጠራ። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ... የአይጥ ማህፀን ጡንቻ። ሕዋሳቱን አያይዞ የሚይዘው ፕሮቲን አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይታያል። እሱን መቁጠር ነው ሥራዬ። ለዚህ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት።

ገሚሶቹ አይጦች ገና እርጉዝ ነበሩ፣ ገሚሶቹ ምጥ ላይ። የትኛው ስላይድ የየትኛዋ እንደሆነ አላውቅም። ናሙናውን የሚቆርጡት እትዬ ቁጥር ብቻ ጽፈውበት፣ ዝርዝሩን በፖስታ አሽገው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። ዓይኔ እንዳያዳላ። ዓይኔ ደግሞ ሊያዳላ ይችላል... ምጥ ሲመጣ ፕሮቲኑ ይቀንሳል የሚለው ግምት የእኔ ነው። ልጅ ሊወጣ ነዋ፣ ጡንቻው መላላት አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰማኝ ሁሉ አውርቼዋለሁ። ላልሰማኝም።

እማዬ ደወለች። "የአይጥ አዋላጅ፣ ምሳ በላሽ?" አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የሳይንስ ጉባኤው መርሐ ግብር በሩ ላይ ተለጥፏል። ርዕሱ የእኔ። ግምቱ የእኔ። ቆጠራው የእኔ። ስሙ የአለቃዬ።

ቢሮው ከመግባቴ በፊት መጸዳጃ ቤት መስታወት ፊት ንግግር ተለማመድኩ። "መብት" የሚል ቃል አራት ጊዜ አለበት።

"ዶክተር፣ ስሜ የለም።"

"ምስጋናው ላይ አለሽ እኮ፣ ልጄ። ገና ወጣት ነሽ፣ ይደርስሻል።"

"እሺ" አልኩ።

እሺ... ጀግናዋ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ምስጋናውን አየሁት። ከማቀዝቀዣ ጠጋኙ ቀጥሎ ነኝ። እሱ እንኳን ማዕረግ ተጽፎለታል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አለቃዬ ከቆጠራዬ ግራፍ ሠርቷል። ነጥባቸው ያነሰ ስላይዶችን "ምጥ"፣ የበዛውን "እርግዝና" ብሏቸዋል። ወደ እትዬ ሮጥኩ።

"ዝርዝሩን ሰጡት እንዴ?"

"ይኸው ፖስታው፣ እንደታሸገ።"

"ታዲያ የምጡ የትኛው እንደሆነ ከየት አወቀ?"

"ከምኞቱ ነዋ።"

ቆጠራዬ አልቋል። ፖስታውን ከፈትነው። ተገላቢጦሽ... የበዙት የምጦቹ ናቸው። እትዬ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩት። ያው ነው።

እና እኔም ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ተሰረቅኩ ብዬ አምስት ቀን ስብከነከን፣ ለካ የተሰረቅኩት ስህተት ነው። ሌባው እንኳን አልቀናውም።

"ዝም በይ" አሉኝ እትዬ። "ይሂድና ይዋረድ።"

እንዴት ጣፈጠኝ። ግን በእኔ ቆጠራ ውሸት ይነገር? ብነግረው ደግሞ እውነቱንም ይወስደዋል... ምን ይሻላል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

አለቃዬ በክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት ንግግሩን ተለማመደ። የክፍል ኃላፊዋም ነበሩ። እጄን አወጣሁ።

"ፖስታው ሳይከፈት የምጡን እንዴት ለዩት?"

"ግልጽ ነው። ምጥ ላይ ይቀንሳል። ያነሰው የምጥ ነው።"

"ይቀንሳል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ተሳስቻለሁ። እርስዎ የተሳሳቱትም የእኔን ስህተት ወስደው ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ተነስተው ዝርዝሩን ለኃላፊዋ ሰጡ። ኃላፊዋ አነበቡ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና አነበቡ። ንግግሩ ከጉባኤው ይውጣ አሉ። ስላይዶቹ በአዲስ ቁጥር ተሸፍነው ሌላ ሰው ይቁጠራቸው። "አንቺም ንክች እንዳታደርጊያቸው።"

"መብት" የሚለው ቃል ትዝ ያለኝ ደረጃውን ስወርድ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

የሌላው ሰው ቆጠራ ከእኔ ጋር ገጠመ። ምጥ ላይ ይበዛል። ሲያስቡትማ... ሕዋሳቱ ተያይዘው ካልሳቡ ልጁን ማን ይገፋዋል?

ለእማዬ ነገርኳት። አራት ወልዳለች።

"ሁለት ዓመት የፈጀብሽ ይሄ ነው? ምጥ ላይ ምን የሚላላ ነገር አለ፣ አንቺ ሞኝ። ጠይቀሽኝ ቢሆን።"

ዓርብ፣ ኅዳር 20

የቆጠራውን ጽሑፍ ለሳይንስ መጽሔት ለመላክ ቅጽ ሞላሁ። ስሜ አንደኛ፣ የእትዬ ሁለተኛ። አለቃዬ የእሱም ስም ይግባ አላለም። ከጥር በኋላ እሱ ጋ ቦታ እንደሌለኝ ግን በደብዳቤ አሳውቆኛል። አጻጻፉ ያምራል። የራሱ ይሆን?

ቅጹ ላይ "ከቆጠራው በፊት የነበረ ግምት" የሚል ሳጥን አለ። "ይቀንሳል ብዬ ነበር" ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ ከኋላዬ ቆመው ያነባሉ። "ባዶውን ተዪው። ማን ያውቅብሻል?"

"የእኔ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

ላክሁት።